የእርሳስና የቲን ኩርፊያ

እሑድ፣ መጋቢት 5

ሰማንያ ዲግሪ! በእኔ ስሌት ከሄድን አባዬ እስከ ዛሬ የጠገነው ስልክ ሁሉ ነሐሴ ላይ አለቀለት። የሚበይድበት የእርሳስና የቲን ቅልቅል በሰማንያ ዲግሪ ይቀልጣል ይላል ኮምፒውተሩ። የጎረቤታችን የጋሽ ሰይድ አውቶቡስ ዳሽቦርድ በበጋ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ስልካቸውን እዚያ ላይ ረስተው ዓሣ ሊያጠምዱ ቢወርዱ፣ ሲመለሱ ሾርባ ሆኖ ይጠብቃቸዋል ማለት ነው።

ሮጬ ለአባዬ ነገርኩት። እዚህ ዓረብ አገር ሚርቃብ ሰፈር ባለችው ሱቁ ሃያ ዓመት ስልክ የበየደ ሰው ነው፤ እማዬ "ካውያ ይዞ ነው የተወለደው" ትለዋለች። ከት ብሎ ሳቀ።

"ነጁ፣ በሰማንያ ዲግሪ እኮ ሻይ እንኳ አይፈላም። ይኸው፣ ለዚህ ነው ኮሜርስ ግቢ የምልሽ።"

ጉዳዩ እንግዲህ ይህ ነው። አሥረኛ ክፍልን ልጨርስ ነው፤ መኝታ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ዓመቱን ሙሉ በስክሪን። ትምህርት ቤቱ ቅጽ ልኳል። ለአሥራ አንደኛ ክፍል ሳይንስ ወይስ ኮሜርስ? አንዱ ላይ ምልክት፣ ከሥሩ የወላጅ ፊርማ። እስከ መጪው እሑድ ስድስት ሰዓት ካልተመለሰ ኮሜርስ ይመድቡኛል። ኮሜርስ ሁልጊዜ ቦታ አለው።

አባዬ ሐሳቡን ከጨረሰ ቆይቷል። "ኮሜርስ የተማረ ሰው ኤሲ ሥር ይቀመጣል" ይላል።

"የሳይንስ ሰውስ?"

"ኤሲውን ይጠግናል።"

እኔ ደግሞ ሳይንስ ካልገባሁ እሞታለሁ። እሺ፣ አልሞትም። ግን በጣም እከፋለሁ፤ ከፍቶኝ ደግሞ ሁሉንም አሳብዳለሁ።

የኬሚስትሪ መምህራችን ሚስ የዓመቱን መጨረሻ ሥራ ሰጥታናለች፦ ሁለት ብረቶች ምረጡ፣ ሲቀላቀሉ በስንት ዲግሪ እንደሚቀልጡና እንደሚረጉ በስሌት አግኙ፣ ካርታውን ሣሉ። ካርታ የምለው ከግራ ወደ ቀኝ የቅልቅሉን መጠን፣ ከታች ወደ ላይ ሙቀቱን የሚያሳይ ሥዕል ነው። ከላይኛው መስመር በላይ ሁሉም ፈሳሽ፣ ከታችኛው በታች ሁሉም ጠጣር፣ በመሃል ገንፎ። እርሳስና ቲንን መረጥኩ፤ ሁለቱም ቤታችን አካባቢ አሉ። እርሳስ ስል የምንጽፍበት ሳይሆን ጋሽ ሰይድ መንጠቆው እንዲሰምጥላቸው ክሩ ላይ የሚያስሩት ከባድ ብረት ነው። ቲን ደግሞ ለስላሳ ነጭ ብረት ነው፣ አባዬ ሱቅ በቁራጭ በቁራጭ አለ።

ደስ የሚለው ነገር፦ ለብቻው እርሳስ 327 ዲግሪ፣ ለብቻው ቲን 232 ዲግሪ ይፈልጋል። ሲቀላቀሉ ግን ከሁለቱም በታች ይቀልጣሉ! ሁለት ግትር ሰዎች ተጋብተው ልጃቸው ለስላሳ ሲሆን ማለት ነው። (እንደ እኔ።)

ግን ሰማንያ? የሆነ ቦታ ተሳስቻለሁ። የት?


ሰኞ፣ መጋቢት 6

አገኘሁት! አገኘሁት! አገኘሁት!

ያገኘሁት ደግሞ ከአባዬና ከጋሽ ሰይድ ነው፤ እነሱ አያውቁም።

ጋሽ ሰይድ በራችን ፊት ለፊት ናቸው የሚኖሩት። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ተማሪው ሁሉ ስክሪን ውስጥ ስለገባ አውቶቡሱ ቆሞ አቧራ ይለብሳል፣ እሳቸው ቀኑን ሙሉ ሳልሚያ ባሕር ዳር ዓሣ ያጠምዳሉ። አሥራ አንድ ሰዓት ሰዓት እላፊ ሲጀምር ይመለሳሉ፤ ከዚያ ደረጃው ላይ፣ በሁለቱ በሮች መሃል፣ ከአባዬ ጋር ዳማ። ማስካቸው አገጫቸው ላይ ነው፤ ኮሮና በአገጭ የሚገባ ይመስላቸዋል።

ዛሬም ተጣሉ። ጋሽ ሰይድ ጠጠር ሰርቀዋል፣ አልሰረቁም። አንዱ ወደ ግድግዳው፣ አንዱ ወደ ደረጃው ዞረው ተኮራረፉ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አባዬ "እግሬን አመመኝ" ብሎ ገባ። ሌላ ቀን ሲስማሙ እኮ እስከ እራት ይቀመጣሉ!

እዚያው በሩ ላይ ቆሜ በራልኝ።

ስሌቴ ውስጥ የእርሳስና የቲን ቅንጣቶች ፈሳሽ ሲሆኑ ማንም ከማንም ጎን ቢቀመጥ ግድ የለውም ብዬ ነበር። ግድ ይላቸዋል! እርሳስ ከእርሳስ ጋር ይሻለዋል፣ ቲንም ከቲን። ሲቀላቀሉ ትንሽ ይኮራረፋሉ። ተፈጥሮ ደግሞ ሰነፍ ናት፣ ሚስ ነፃ ኃይል የምትለው ጉልበት ዝቅ ያለበት ቦታ ትጋደማለች። ፈሳሹ ውስጥ ኩርፊያ ካለ ፈሳሽ ሆኖ መቆየት አይመችም፤ ስለዚህ ቶሎ፣ ገና ትኩስ ሳለ፣ ይረጋል። ድግስ ላይ ከማይወደው ሰው ጎን ያስቀመጡት እንግዳ ቶሎ ተነስቶ ቤቱ እንደሚሄደው።

ሚስ በላከችው ጽሑፍ ውስጥም አለ፤ ረጅም የእንግሊዝኛ ስም አለው፣ ዘልዬው ነበር። እኔ "የኩርፊያ ቁጥር" ብዬዋለሁ። ሰንጠረዡ ውስጥ አስገባሁት።

ኩርፊያ ዜሮ፦ ሰማንያ ዲግሪ። (የጋሽ ሰይድ ሾርባ።)
ኩርፊያ ሦስት ሺህ፦ መቶ ሃያ ምናምን።
ኩርፊያ አሥር ሺህ፦ ሁለት መቶን ዘሎ አለፈ።

እውነተኛው በመሃል የሆነ ቦታ ነው። የቱ ጋ እንደሆነ ግን ኮምፒውተር አይነግረኝም። ማቅለጥ አለብኝ።

እማዬን እንዴት ነው የማስፈቅደው?


ማክሰኞ፣ መጋቢት 7

እማዬ የፈቀደችው የምትሠራበት የፀጉር ሳሎን ተዘግቶ ቤት መዋል ስለሰለቻት ነው ብዬ አስባለሁ። እዚያ የሴቶች ፀጉር ቀለም ትቀባለች፤ ኮሮና ዘጋባቸው። ሕጎቿ፦

በረንዳ ላይ ብቻ።
ከኩሽና አንድ ዕቃ እንዳይወጣ፣ የወጣም እንዳይመለስ።
ማስክ፣ የቀለም ጓንቷ፣ በኋላ እጅ እስከ ክርን መታጠብ፤ እርሳስ መርዝ ነው።
ሚዛኗን ያበላሸ ወዮለት።

ሚዛኑ ቀለም የምትለካበት ነው፣ ግራም ያነባል። ምድጃው አባዬ ከጅሊብ ገበያ የገዛት አሮጌ የኤሌክትሪክ ምድጃ። ማቅለጫው የቲማቲም ድልህ ጣሳ። ሙቀት መለኪያው የአባዬ መልቲሜትር፤ ጫፏ ሙቀት የምታነብ ቀጭን ሽቦ አለችው።

የመጀመሪያው ሙከራ በአባዬ የብየዳ ሽቦ ነበር። ጥቅሉ ላይ 63 እጅ ቲን፣ 37 እጅ እርሳስ ይላል። አቀለጥነው፣ ምድጃውን አጠፋን፣ በሚስማር እያማሰልኩ በየአምስት ሰከንዱ ቁጥር ጮኽኩ፣ እማዬ ጻፈች።

210። 204። 198። 193። 188። 184። 183። 183። 183። 183።

ቆመ! ሙቀቱ እየወጣ ቁጥሩ ቆመ! እማዬ መልቲሜትሩ የተበላሸ መስሏት "ነካክተሽ ነው" ብላ ጮኸችብኝ። አልተበላሸም። ብረቱ ሲረጋ ውስጡ የያዘውን ሙቀት እየለቀቀ ራሱን ያሞቃል፤ ረግቶ እስኪያልቅ ከ183 ንቅንቅ አይልም። ገንፎ የሚባል ነገር አልነበረም፤ በአንዴ ፈሳሽ፣ በአንዴ ድንጋይ፣ ፊቱ እንደ መስታወት።

ሮጬ ወደ ሰንጠረዡ። ኩርፊያ ስንት ሲሆን 183 ይሰጣል? ሰባት ሺህ! በእርሳሱ በኩል ሳሰላውም፣ በቲኑ በኩል ሳሰላውም ሰባት ሺህ አካባቢ። ጮኽኩ። የላይኛው ፎቅ ሰዎች መሬት ደበደቡ።

አሁን ካርታዬ ይናገራል። መርጋት የሚጀምርበት ሙቀት፦ ከመቶው 90 ቲን ከሆነ 216 ዲግሪ፣ 80 ከሆነ 202፣ 70 ከሆነ 191። ሁሉም በመጨረሻ 183 ላይ ይቆማሉ።

አባዬ ከሱቅ ሲመጣ አሳየሁት። ካርታውን አየው፣ ገለበጠው፣ መነጽሩን አድርጎ እንደገና አየው።

"መልሱን አይተሽ ቁጥሩን አስተካከልሽ፣ ከዚያ መልሱ ልክ መጣ ትያለሽ። እንደዚህማ እኔም ነቢይ ነኝ።"

በጣም ያናድዳል። ትክክል ስለሆነ ነው በጣም የሚያናድደው።

"እሺ እንወራረድ" አልኩት። "አንተ በድብቅ ቀላቅል። እኔ ሲረጋ ብቻ አይቼ ስንት ቲን እንዳለው እነግርሃለሁ። ካገኘሁ ሳይንስ ላይ ትፈርማለህ።"

"ካጣሽስ?"

"...ኮሜርስ። ሳላኮርፍ።"

"ሳታኮርፊ የሚለውን በምስክር ፊት በይው" አለና ጋሽ ሰይድን በሩን አንኳኩቶ ጠራቸው። ከአምስት በላይ ከሳትኩ ተሸነፍኩ። ጋሽ ሰይድ "ወላሂ የሚገርም ዘመን ነው" ብለው እጃችንን አጨባበጡን። ቀጥሎ ሳኒታይዘር አካፈሉን።


ረቡዕ፣ መጋቢት 8

የምጨነቅበት ነገር አለ። ካርታዬ በእርሳሱ በኩል አንካሳ ነው። ጠጣር እርሳስ ቲንን ወደ ውስጡ ያስገባል፣ እኔ ደግሞ ስሌቱ ውስጥ በሩን ዘግቼበታለሁ። እሱን ለማስተካከል ሌላ ቁጥር ያስፈልጋል፤ ጊዜ የለኝም። በቲኑ በኩል ግን ጎበዝ ነው፣ ጠጣር ቲን እርሳስን ብዙ አያስገባም።

ዝም ልል ነበር። ከዚያ አባዬ ያላወቀውን ነገር ተጠቅሜ ባሸንፍ ማሸነፍ ይባላል? ነገርኩት፦ "ከመቶው ቢያንስ 63ቱ ቲን ይሁን፣ በዚያኛው በኩል ካርታዬ አይሠራም።"

"የማይሠራበትን ታውቂዋለሽ?"

"አዎ።"

መነጽሩን አውልቆ አየኝ። "ደንበኛ ሲመጣ እኔም የማልችለውን መጀመሪያ ነው የምነግረው" አለ። ከዚያ ትዝ አለውና ፊቱን መልሶ አኮሳተረ።


ሐሙስ፣ መጋቢት 9

ዛሬ ቀላቀሉ። እኔ መኝታ ቤት ታሰርኩ፤ እማዬ ዘብ። ጆሮዬ ግን በሩ ላይ ነበር።

"ቢስሚላህ በል እንጂ ከማል!"

"ብያለሁ። እጅዎን ያንሱ ጋሽ ሰይድ፣ ሚዛኑን እየተጫኑት ነው።"

"ምን ተጫንኩት፣ እስትንፋሴ ነው።"

"እሱንም ይያዙት።"

ሁለት ሽማግሌ ድልህ ጣሳ ላይ ጎንበስ ብለው ሲከራከሩ ለማየት ግማሽ ዕድሜዬን እሰጥ ነበር። ሲቀልጥላቸው አባዬ እስክሪብቶ ፍለጋ ገባ። ሰጠሁት። ወረቀቱን እንደ ፈተና ኮራጅ በመዳፉ ከልሎ ጻፈ፣ እንዳላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ፖስታው ውስጥ ከተተ፣ በምራቁ አሸገ። (አባዬ! ኮሮና!) እማዬ ፖስታውን ኢቃማዎቻችን፣ የመኖሪያ ፈቃዶቻችን፣ ያሉበት መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። ቤታችን ውስጥ ከዚያ በላይ የተከበረ ቦታ የለም።

ሲወጣ ጋሽ ሰይድ በረንዳው ላይ ብቻቸውን በሚስማሩ ያማስሉ ነበር፣ እንደ ወጥ። "ጥሩ አድርጌ አዋሃድኩልሽ ልጄ!" ብለው በመስኮቱ ጮኹልኝ።

ብረቱ ጣሳው ውስጥ ረግቶ ተቀምጧል። በመስታወቱ አየዋለሁ። ምንም አይናገርም።


ዓርብ፣ መጋቢት 10

ከጁምዓ ሲመለሱ ጀመርን። አባዬ ወንበር ይዞ ቁጭ አለ፣ ጋሽ ሰይድ በረንዳው በር ላይ፣ እማዬ ከደብተሩ ጋር።

አቀለጥኩ። አጠፋሁ። ማማሰል።

226። 218። 211። 205። 200። 196። 193።

ከዚያ 191 ላይ ዘገየ። 190 ተኩል። 190። 189። በሚስማሩ ይሰማኛል፣ ገንፎ እየሆነ ነው። እየከበደ፣ እየከበደ ወርዶ 183 ላይ ቀጥ።

ካርታው ላይ ጣቴን ከ191 ጎተትኩ።

"ሰባ! ከመቶው ሰባ ቲን!"

እማዬ መሳቢያውን ከፈተች። አባዬ ፖስታውን ቀደደ፣ ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረው። በሚያምረው የእጅ ጽሑፉ፦

ቲን 80 ግራም። እርሳስ 20 ግራም።

አሥር ሳትኩ።

አባዬ አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። "ቀላል ነገር አይደለም የሞከርሽው" አለ። ጋሽ ሰይድ "ኮሜርስም ዕውቀት ነው ልጄ" ብለው ራሴን ደባበሱኝ፣ ከዚያ የሁለት ሜትር ርቀቱ ትዝ አላቸውና ወደ ኋላ ዘለሉ።

አላኮረፍኩም። በምስክር ፊት ብያለሁ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ እጄን እስከ ክርኔ ታጠብኩ፣ ፊቴንም ደጋግሜ ታጠብኩ፣ ማንም አላየኝም።

አንድ ነገር ግን አይለቀኝም። 80 ከነበረ 202 ላይ መዘግየት ነበረበት። 202 ላይ ምንም አልሆነም፣ እንደ ድንጋይ ነው የወረደው። መልቲሜትሩ ዋሸ? ከዋሸ 183 ላይም ይዋሽ ነበር፤ እሷ ላይ ግን ቀጥ ብሎ ነው የቆመው። ኩርፊያው ተሳሳተ? እሱ ቢሳሳት በእርሳሱም በቲኑም በኩል ያው ቁጥር አይመጣልኝም ነበር።

የቀረው አባዬ ነው። አባዬ ደግሞ አይዋሽም። ዳማ ላይ እንኳ አይዋሽም፤ ለዚህ ነው ሁልጊዜ የሚሸነፈው።


ቅዳሜ፣ መጋቢት 11

ዛሬን መጻፍ እንዴት እንደምጀምር አላውቅም። ከእማዬ ልጀምር።

ጠዋት ቁጭ እንዳልኩ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። "እኔ የደንበኛ ፀጉር ብርቱካን ሆኖ ሲወጣብኝ ምን እንደማደርግ ታውቂያለሽ?"

"ትሮጫለሽ?"

"ባለጌ። ሳህኑን እመዝናለሁ። የተረፈውንም የተቀባውንም አስልቼ። ከተጻፈው ከበለጠ የሌላ ሰው እጅ ገብቷል ማለት ነው።" ከዚያ ሚዛኗን ጭኔ ላይ አስቀመጠች። "ያ ጉድሽ ስንት መመዘን ነበረበት?"

መቶ። ሰማንያና ሃያ፣ መቶ።

ጣሳውን ገልብጬ ቂጡን መታሁት፣ ብረቱ ዱብ አለ። ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩት።

114።

አነሳሁት፣ ሚዛኑን ዜሮ አደረግኩ፣ መለስኩት። 114።

አባዬን ጠራሁት። ራሱ መዘነው። በጥፍሩ ቧጨረው፣ አሸተተው (እርሳስ አባዬ! አይሸተትም!)። "መቶ ነው የመዘንኩት። በኢማኔ፣ መቶ ነው።" ሁለታችንም እኩል ወደ በሩ ዞርን። ጋሽ ሰይድ ዘንቢላቸውን ይዘው ወደ ባሕር ሊወርዱ ደረጃው ላይ ነበሩ።

"ጋሽ ሰይድ፣ ሐሙስ ዕለት ጣሳው ውስጥ የጨመሩት ነገር አለ?"

"እኔ? ምንም።"

"ምንም?"

"ምንም አልጨመርኩም ስልሽ። ከምርቃቷ በስተቀር።"

አባዬ ብረቱን ሚዛኑ ላይ መለሰው።

"የምን ምርቃት?" አለ አባዬ፣ ቀስ ብሎ።

"አንተ እስክሪብቶ ልታመጣ ስትገባ ነዋ! አየሁት፣ ሃያ ግራም እርሳስ፣ ጥፍር የምታክል። ለገዛ ልጅህ በሚዛን ቆንጥረህ ስትሰጥ አታፍርም? ከኪሴ አንዷን የመንጠቆ እርሳስ ጣል አደረግኩላት። ደሴ ገበያ አንድ ኪሎ ሽንኩርት ገዝቶ ያለ ምርቃት የሚመለስ ሰው አለ?"

"ለምን አልነገሩኝም!"

"ምርቃት ይቆጠራል እንዴ? ከሒሳብ ውጪ እኮ ነው!"

እማዬ ግድግዳውን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ሳቋ አላስቆም አላት። እኔ ዘንቢላቸው ውስጥ እጄን ከትቼ ሌላ የመንጠቆ እርሳስ አወጣሁ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ሚዛን ላይ። 14 ግራም!

አባዬ ስልኩን አወጣ። ሰማንያ ሲካፈል ለ114። ዐይኖቹ ስክሪኑ ላይ ቆዩ። እኔ መልሱን ሳላየው አውቄዋለሁ። ሰባ።

ብረቱ እኮ ጋሽ ሰይድን አሳበቀባቸው! የገባውን ሳላይ፣ ሳልሰማ፣ ሲረጋ ብቻ አይቼ፣ ኪሳቸው ውስጥ የነበረውን ነገር አወቅኩ! ጨፈርኩ። በረንዳው ላይ ነው የጨፈርኩት፣ ጎረቤት ሁሉ እያየ።

"ቆይ" አለ አባዬ።

ቆምኩ።

"ውላችን የወረቀቱ ነበር። ወረቀቱ ሰማንያ ይላል።" ፊቱን ማንበብ አልቻልኩም። "ደግሞም ሰባ ያልሽው ትናንት ነው። ዛሬ ሚዛን አይተሽ ሰበብ አገኘሽለት። ነቢይነት በኋላ ቀላል ነው ብዬሽ ነበር።"

ልናደድ ነበር። ከዚያ እጄ ውስጥ ያለችው 14 ግራም ትዝ አለችኝ። ሰማንያ ሲካፈል ለ128... በልቤ አሰላሁ፣ ስድሳ ሁለት ተኩል።

"አባዬ፣ ይህችንም ምርቃት ጨምርበት። አንተ በእጅህ። የሚሆነውን አሁን፣ ከመቅለጡ በፊት እነግርሃለሁ። 191 ላይ አይዘገይም፣ የትም አይዘገይም። ገንፎ የለም። ቀጥ ብሎ ወርዶ 183 ላይ ይቆማል፣ በአንዴ ይረጋል፣ ፊቱ ያበራል።"

"የትም?"

"የትም። ከዘገየ ኮሜርስ። ሳላኮርፍ።"

ጋሽ ሰይድ ዘንቢላቸውን አስቀመጡ። ዓሣው ዛሬ ዕድለኛ ነው።

አባዬ ብረቱን ጣሳው ውስጥ መለሰ፣ የመንጠቆውን እርሳስ በእጁ ጣለ። ሲቀልጥ ሚስማሩንም ከእጄ ወሰደው። ቁጥሩንም ራሱ ማንበብ ፈለገ፤ እንደ ታክሲ ረዳት ድምፁን ከፍ አድርጎ።

"ሁለት መቶ አሥር! ሁለት መቶ አራት! መቶ ዘጠና ስምንት! መቶ ዘጠና ሦስት..."

191 መጣ። አለፈ። ዐይኔን ጨፍኛለሁ።

"መቶ ሰማንያ ሰባት። መቶ ሰማንያ አራት። መቶ ሰማንያ ሦስት። ሦስት። ሦስት።"

ስከፍት ሚስማሩ ብረቱ ውስጥ ቆሞ ቀርቷል፤ አባዬ ይጎትተዋል፣ አይመጣም። ፊቱ እንደ መስታወት ያበራል፤ የአባዬ መነጽር ይታይበታል።

"ይህማ የእኔ ሽቦ ነው" አለ። ድምፁ ሌላ ነበር። "ሃያ ዓመት የበየድኩበት ሽቦ ነው። እንዲህ በአንዴ የሚይዝ ሌላ የለም። ለምን እንደሆነ ማንም ነግሮኝ አያውቅም።"

ከዚያ ወንበሩን ሳበልኝ። "ቁጭ በይ እስቲ። ያንን የኩርፊያ ነገር ከመጀመሪያው ንገሪኝ።"

ነገርኩት። ሁሉንም። ሰዓት እላፊው እስኪጀምር ድረስ ጠየቀኝ። ኩርፊያውን ከየት እንዳገኘሁት ስነግረው ጋሽ ሰይድን ገላመጣቸው።

"እኔ ጠጠር አልሰረቅኩም" አሉ ጋሽ ሰይድ።

ስለ ፊርማው ግን ምንም አላለም። አልጠየቅኩትም። ፈራሁ።


እሑድ፣ መጋቢት 12

ስነቃ አባዬ የለም። ሱቅ ወጥቷል! ቅጹስ? ጠረጴዛው ላይ አልነበረም። እማዬን ጠየቅኩ፣ "እኔ ምን አውቃለሁ" አለችኝ፤ ስታውቅ የምታደርገውን ፊት አድርጋ።

አምስት ሰዓት። አምስት ሰዓት ከሩብ። ደወልኩለት፣ አያነሳም። ካርታዬን ለሚስ ላክሁ፤ የሁለተኛዋን ምርቃት ታሪክ ሳይቀር። ቢያንስ እሱ ይድረስ።

ከዚያ በድንገት ትዝ አለኝና መሳቢያውን ከፈትኩ። ኢቃማዎቹ መሃል።

ሳይንስ የሚለው ላይ ምልክት አለ። የአባዬ ነው፣ ቀጥ ያለች፣ እንደ ብየዳ ነጥብ። ከሥሩ መስመሩ ላይ ፊርማው። ከፊርማው ሥር ደግሞ ሌላ የእሱ ፊርማ፣ መስመር በሌለበት ባዶ ቦታ ላይ።

በስልኬ አንስቼ ላክሁ። ስድስት ሰዓት ሊሆን አሥራ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው! ከዚያ አባዬ መልሶ ደወለ።

"አባዬ ለምን ሁለቴ ፈረምክ? አንድ ቦታ ብቻ እኮ ነው የሚፈልጉት!"

"ሁለተኛው ምርቃት ነው" አለና ዘጋው። ደንበኛ ነበረበት።

አሁን ከትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት መልስ መጣ። ቅጹ ደርሷል ይላል፤ ግን ሁለተኛው ፊርማ የማን እንደሆነና ለምን እንዳስፈለገ ወላጅ በጽሑፍ እንዲያስረዳ ይጠይቃል።

ጋሽ ሰይድ "እኔ እጽፍላቸዋለሁ" እያሉ በሩን እያንኳኩ ነው። በምንም ዓይነት አላስገባቸውም። ምርቃትን በእንግሊዝኛ እንዴት እንደማስረዳ ግን እኔም ገና እያሰብኩ ነው።